በስልክ ስለሚደርስ ስድብና ስለ ልጆቻችን

ልጆች እርስ በርሳቸው መሰዳደባቸውና መበሻሸቃቸው ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። እኛም ቅጽል ስም እየወጣልን አድገናል። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ስድቡ ከትምህርት ቤቱ አጥር እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ቤታችን ከገባን በኋላ ዕረፍት እናገኛለን። የዛሬው ልጅ ግን ስልኩን ይዞ ወደ መኝታው ሲሄድ ተሳዳቢዎቹም አብረውት ይገባሉ።

ይህን የምንለው ከወሬ ሰምተን አይደለም። ከእኛ ጋራ የምትኖር የ14 ዓመት የወንድማችን ልጅ ከምግብ መራቅ፣ ጠዋት ጠዋትም «ሆዴን አመመኝ» እያለች ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። ውሎ አድሮ የክፍል ጓደኞቿ ፎቶግራፍዋን አበላሽተው በቴሌግራም እየተቀባበሉ ይሥቁባት እንደ ነበር ታወቀ። «ለምን አልነገርሽንም?» ብንላት፣ «ስልኬን ትወስዱብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለችን። ነገሩን ለመምህሯ ባመለከትን ጊዜ፣ የአንደኛው ልጅ አባት «ይህማ የልጅ ቀልድ ነው» አሉ።

በእውነት ቀልድ ነውን? ጨዋታ ሁሉ በደል እንዳልሆነ እናምናለን። በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት የኖርዌይ ምሁር ዳን ኦልቬውስ ጥቃትን ከጨዋታ የሚለዩ 3 ምልክቶችን አስተምረዋል፤ እነርሱም ለመጉዳት ታስቦ መደረጉ፣ መደጋገሙ፣ ተጠቂውም ራሱን ለመከላከል አለመቻሉ ናቸው። በስልክ ሲሆን ደግሞ አንዱ አንድ ጊዜ የላከውን ሌሎቹ መቶ ጊዜ ይደጋግሙታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ44 አገሮችና ግዛቶች ከተጠየቁት የ11፣ የ13 እና የ15 ዓመት ልጆች መካከል ከ6ቱ አንዱ ያህል ይህ ጥቃት እንደ ደረሰበት ተገልጿል። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በዚህ መንገድ ሰውን ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። እንግዲህ ሕግ በወንጀል የሚቈጥረውን እኛ ወላጆች በቀልድ ልናልፈው አይገባንም።

ስለዚህ ልጁ ሲነግረን አስቀድመን እናድምጠው፤ ስልኩንም ነጥቀን ተበዳዩን ቀጪ አንሁንበት፤ አለዚያ ሁለተኛ አይነግረንምና። የተላከበት ነገር ከመጥፋቱ በፊት በማስረጃነት ይቀመጥ፤ ላኪው ይታገድ፤ ትምህርት ቤቱም ይወቀው። ልጁ እንቅልፍ ካጣ ወይም «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው።

ደግሞም ሁላችንም የተበዳይ ወላጆች ብቻ አይደለንም። «ልጄን ማን ሰደበው?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ «ልጄስ ማንን ሰደበ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።