ፀሐይ የምትሞቅ አበባ

ኩፐርቲኖ የገባን ዓመት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት በወረቀት ከረጢት ስምንት የአይሪስ ሥር አመጡልን። ዝንጅብል ይመስላሉ። «ሐምራዊ ነው፤ ኤፕሪል ላይ ያብባል» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። በየማታው አጠጣኋቸው። ለሣሩ የገዛሁትን ማዳበሪያም ጨመርኩላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ወጣ። በሁለተኛውም ቅጠል። በሦስተኛውም እንደ ጎራዴ የቆመ አረንጓዴ ቅጠል ብቻ! አበባ የለም።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ እናቴ ከሰሜን ሸዋ፣ ከእነዋሪ መጣች። የምትቆየው ስድስት ወር ነው። የዐሥር ዓመቷ ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ ስትሳሳት እንዳይሳቅባት ትፈራለች። አያትና የልጅ ልጅ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ከዚያ ዝም። ከአበባው ይልቅ ያ ዝምታ ያስጨንቀኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ጓሮ ወጥታ አፈሩን በእጇ ጨበጥ አደረገችው።

«ይሄማ መረሬ ነው!» አለች።

መረሬ ውሃ የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ከባድ አፈር ነው። የእነዋሪም መሬት መረሬ ነው። እዚያ ገበሬዎች አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ። ትርፉ ውሃ በመደቦቹ መካከል ባለው ቦይ ይወርዳል። እናቴም በልጅነቷ ይህንን ሠርታለች።

«ልጄ፣ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል እንጂ ያብባል እንዴ?» አለችኝ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ ሦስታችን አይሪሶቹን ቆፍረን አወጣን። የበሰበሰውን ቆርጠን ጣልን። የጤነኞቹን ቅጠል ስንዝር ያህል አስቀርተን ከረከምን። እናቴ መደቡን ሠራች፣ ልጄ ቦዩን አበጀች።

እናቴ ልትቀብራቸው ስትል ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይተው መጡ። እሳቸው አማርኛ፣ እናቴ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሴትዮዋ አፈሩን ጠረግ አድርገው የአይሪሱን ጀርባ አሳዩዋት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። ለካስ እኛ ሥር የምንለው አፈር ላይ የሚተኛ ግንድ ነው፤ ጀርባው መሸፈን የለበትም።

እናቴ ሳቀች። «እንደኔ ፀሐይ ልትሞቅ ነዋ!»

ልጄም ሳታስበው «ፀሐይ ልትሞቅ» ብላ ደገመችው። ማንም አልሳቀባትም።

አንዱን ከሌላው አንድ ክንድ ያህል አራርቀን፣ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ተከልናቸው። የሣሩን ማዳበሪያ ተውኩ፤ ናይትሮጂን ሲበዛበት አይሪስ ቅጠል ያበዛል እንጂ አበባ አይሰጥም። ሥር እስኪይዙ ድረስ ብቻ አጠጣናቸው፤ ከዚያ የክረምቱ ዝናብ በቃቸው።

እናቴ አበባ ሳታይ ለገና ወደ አገሯ ተመለሰች። አይሪስ ቦታ ሲቀየርበት የመጀመሪያውን ዓመት ሳያብብ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ልጄን «ዘንድሮ ባያብብ እንዳታዝኚ» አልኳት።

ኤፕሪል ላይ አንድ ጠዋት ስልኬን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ተከትያት ስወጣ የእናቴ ፊት ስልኩ ላይ ነበር።

«እማማ! አበባው አበበ!»

ሁለት ብቻ ናቸው ያበቡት። ልጄ ግን ሁለቱንም ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን አሳየቻት። ከዚያ በትምህርት ቤት የሰማችውን ልትነግራት ፈለገች፦ አይሪስ በጥንት ግሪኮች ቋንቋ ቀስተ ደመና ማለት ነው። ቃሉን ስታጣ «ሬይንቦው፣ ሰማይ ላይ፣ ብዙ ቀለም» አለቻት።

«እሱማ የማርያም መቀነት ነው!» አለች እናቴ።

«መቀነት ምንድን ነው?»

እናቴ ወገቧ ላይ የጠመጠመችውን መቀነት ልታሳያት ከወንበሯ ተነሣች። እኔ ቁርስ ልሠራ ገባሁ። ቁርሱ ቀርቦ ቀዘቀዘ፤ ልጄ ግን አልገባችም።