መድኃኒትን በሥርዓት ስለ መተው

አንባቢ ሆይ፤ አንድን መድኃኒት እንዴት እንደምንጀምር የሚመክረን ሰው ብዙ ነው፤ እንዴት እንደምንጨርሰው የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ደኅና የሆንን ሲመስለን ኪኒኑን ወደ መሳቢያ ወርወር አድርገን እንረሳዋለን። ለራስ ምታት የተዋጠ እንደ ሆነ ይህ ብዙ አይጎዳም። ሐኪሞች ዛሬ ድባቴ ለሚሉት የመንፈስ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት ግን አተዋወሙም የሕክምናው ክፍል ነው። ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው።

ይህነን የምጽፍልህ ሐኪም ሆኜ አይደለም። ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የምሠራ፥ ማታ ማታ የምማር ሰው ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ ኀዘኑ ከአርባውም ከሰማንያውም አልፎ አልለቅ አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ አስጠላኝ፤ የተመራልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብቤ ምን እንደሚል ለመናገር አልችልም ነበር። በኅዳር ወር ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም ሰርትራሊን የሚባለውን መድኃኒት በቀን 50 ሚሊግራም አዘዙልኝ፤ ይህም ለዚህ ሕመም ከሚታዘዘው ዝቅተኛው መጠን ነው። ጥር ሲያልቅ እንቅልፌም ሳቄም ተመለሰልኝ። እንግዲያው ልተወው ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ደኅና መሆንህ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል እንጂ ሥራውን መጨረሱን አያሳይም» አሉኝ። ሕመሙ ቶሎ እንዳያገረሽ ሰው ከዳነ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል እንደሚገባው አስረዱኝ።

ወሩ ሲቃረብም ሐኪሙ፥ «በሰኔ አንጀምርም» አሉ። ሰኔ ለመሥሪያ ቤት የበጀት መዝጊያ፥ ለተማሪም የፈተና ወር ነውና። በሐምሌ መጨረሻ ግማሹን ኪኒን፥ ማለት 25 ሚሊግራም፥ ለአራት ሳምንት እንድውጥ፥ ከዚያም 12.5 ሚሊግራም ለአራት ሳምንት ወስጄ እንዳቆም አዘዙኝ።

እንዲህ ላለች ትንሽ ኪኒን ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ ትለኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። መድኃኒቱ፥ የአእምሮ ሕዋሳት የሚላላኩበት ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቶሎ ተመልሶ እንዳይወሰድ ያግዳል። ሳምንታት ሲያልፉ ሕዋሳቱ ይህንኑ ይለምዱታል። መድኃኒቱ አንድ ቀን በድንገት ቢቀር ልማዱ አብሮት አይጠፋም። ስለዚህ ራስ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፥ እንቅልፍ ይነሣል፥ ቅዠት ይበዛል፥ ያለ ምክንያት ያስቆጣል ወይም ያስለቅሳል፤ አንዳንዴም በራስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ብልጭ ይላል። ይህ ግን ሱስ አይደለም። ሱሰኛ የለመደውን ይመኛል፥ መጠኑንም ይጨምራል፤ እዚህ ያለው የሰውነት መላመድ ብቻ ነው።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ሮላንድ ኩን የተባሉ የስዊስ ሐኪም ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ለድባቴ እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ1957 ጽፈው አስታወቁ። ሁለት ዓመት ብቻ ቆይቶ፥ በ1959፥ ይህንኑ መድኃኒት በድንገት ያቆሙ ሰዎች እንደሚታመሙ ሌሎች ሐኪሞች ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድነት የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ፥ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶችን ካቆሙት ከ100 ሰዎች 31 ያህሉ አንድ ምልክት እንደ ታየባቸው፥ ምንም መድኃኒት የሌለበትን የማስመሰያ ኪኒን ካቆሙትም ከ100 ሰዎች 17 ያህሉ ይህንኑ እንደ ተናገሩ አገኙ። ብርቱ ሕመም ያገኛቸው ከ100 ሦስት ያህል ናቸው። እንግዲህ መፍራትም መናቅም አይገባም ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ የአቀናነሱ ነገር ነው። ዝቅተኛው የተለመደ መጠን እንኳ ሴሮቶኒን ከሚመለስባቸው በሮች 80 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ ኪኒኑን በግማሽ መክፈል ሥራውን በግማሽ መክፈል አይደለም። ሻይህን አስብ። የመጀመሪያው ማንኪያ ስኳር ጣዕሙን ይለውጠዋል፤ አራተኛው ብዙም አይታወቅም። ስትቀንስም ከአራት ወደ ሦስት ብትወርድ ምላስህ አይነቃም፤ ከአንድ ወደ ባዶ ስትወርድ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሆሮዊትዝና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ አስረድተው፥ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች አነስ አነስ እንዲሉ መክረዋል።

በእኔም ላይ የሆነው እንዲሁ ነው። ወደ 25 ስወርድ ሁለት ሌሊት ከመቃዠት በቀር ምንም አልተሰማኝም። ወደ 12.5 ስወርድ ግን በሦስተኛው ቀን አንገቴን ባዞርሁ ቁጥር ራሴ ውስጥ ንዝረት ይሰማኝ ጀመር። ለሐኪሙ ብነግራቸው፥ «ባለህበት ቁም፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አትበል» አሉኝ። በአሥር ቀን ተወኝ። ከተባለው ሁለት ሳምንት ጨምሬ ቆይቼ አቆምሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሲታዘዝ ኪኒኑ አለቀበት፤ እሱም በዚያው ተወው። በአራተኛው ቀን እያዞረውና እያለቀሰ፥ «በሽታዬ ተመለሰ፤ እኔ ከእንግዲህ ያለ መድኃኒት ሰው አልሆንም» ብሎ ተስፋ ቆረጠ። ሐኪም ባያገኘው ኖሮ ይህን የተሳሳተ ፍርድ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት በኖረ ነበር። አንባቢዬ፥ ልዩነቱን ልብ በል። የመተው ሕመም ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል፤ እንደ ማዞርና ንዝረት ያለ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ያመጣል፤ መድኃኒቱ ሲመለስም ቶሎ ይለቃል። የሚያገረሸው ድባቴ ግን ቀስ ብሎ፥ በሳምንታትና በወራት፥ የድሮውን መልኩን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ያየኸውን ከነቀኑ በማስታወሻ ደብተር ጻፈው፤ ለሐኪሙ ከምስክር ይልቅ ይጠቅመዋል።

የእኔን የቀን አቆጣጠር ግን ለራስህ አትውሰደው። መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም። ግማሹ ሰርትራሊን ከሰውነት የሚወጣው በአንድ ቀን ገደማ ስለ ሆነ አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ ለማቆም አይበጅም፤ ፍሉኦክሴቲን ግን ለሳምንታት ስለሚቆይ በራሱ ጊዜ ቀስ ብሎ ይወጣል። ለጥቂት ሳምንት ብቻ የወሰደና ለዓመታት የወሰደ ሰውም እኩል አይደሉም። ሐኪምህን ጠይቅ፤ እስኪጨርሱህም ኪኒኑ እንዳያልቅብህ ተጠንቀቅ።

አክስቴ፥ «ጸበል ከጀመርህ ኪኒኑን ተው» ብላኝ ነበር። እኔም ተጠመቅሁ፤ ተጽናናሁም፤ ኪኒኑን ግን እስከ ቀኑ ድረስ ዋጥሁ፤ ሁለቱ አልተጣሉብኝም። እንቅልፍ እንቢ ሲልህ በአረቄ፥ ድካም ሲጫንህ በጫት ለመተካት ግን አትሞክር፤ ይህ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ባሰው መግባት ነው። ከቤትህም አንድ የምታምነው ሰው ይወቅልህ። እኔ ለእኅቴ ነግሬያት ስለ ነበር ስነጫነጭ ከመቀየም ይልቅ ቀኑን ትቆጥርልኝ ነበር። ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ሂድ።

እነሆ ኪኒኑን ካቆምሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባቴ ዛሬም ይናፍቀኛል፤ ይህ ግን በሽታ አይደለም፤ ፍቅር ነው። አንተም መጀመርህን ለማንም ባትናገር ፈቃድህ ነው፤ መተውህን ግን ከሐኪምህ አትደብቅ።