ከብት ለመንዳት የሚከፈልበት ሀገር

ከብት ነጂው ራሱ ከፋይ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እዚህ ዋዮሚንግ ንግዱ አዲስ አይደለም፤ የኢተን ወንድማማቾች በፈረንጆች 1904 ከሰሜን ዳኮታ መጥተው ሸሪዳን አጠገብ እንግዳ መቀበል ጀመሩ። እኔ በሌላ ራንች ወጥ ቤት ነው የምሠራው። ለአባቴ በስልክ ብነግረው "የኔን የልጅነቴን ማን ይክፈለኝ?" ብሎ ሳቀ።

በኛ መስከረም አጋማሽ አስፐን የተባለው ዛፍ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ይሆንና ከብቱ ከተራራ ይወርዳል። ጥቅምት ላይ ጥጆቹ ከእናቶቻቸው ይለያሉ። ያኔ እንቅልፍ የለም! ላሞቹ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት አጥር ሥር ቆመው ይጮኻሉ። እንግዶቹ ጆሯቸውን ደፍነው ይተኛሉ፤ እኔስ እንጃ፣ አልለመድኩትም።

ከዚያ የእንስሳት ሐኪሙ እጁን እስከ ብብቱ እየከተተ ይመረምራል። ያረገዘችው ትቀራለች፣ ባዶዋ ትሸጣለች። የበረዶውን ወራት ድርቆሽ በልታ ጥጃ የማትሰጥ ላም ኪሳራ ናት። ዘንድሮ ባዶ ከተገኙት አንዷ የባለቤቱ ሚስት በጡጦ ያሳደገቻት አሮጊት ላም ነበረች።

"እስቲ እንደገና እያት" አለችው።

አየ። ያው ነው። ባልየው ዝም አለ። የእንግዳ ገንዘብ ባይኖር መሬቱም ድሮ ይሸጥ ነበር፤ ይህን እሷም ታውቃለች። የመኪናውን በር የከፈተችው ራሷ ናት። ማታ ያቀረብኩላትን ሥጋ ግን አልነካችም።

መምጣት ያሰባችሁ ካፖርት ያዙ፤ በመስከረምም ሌሊቱ ይቆረጥማል። እንግዳ ሲያልቅ የፈረሶቹ ጫማ ይነቀልና ሜዳ ይለቀቃሉ፣ እኔም ወደ ዴንቨር።