ጎንደር በነሐሴ ዝናብ

አብዛኛው ጎብኚ ጎንደርን የሚያያት በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶና መንገዱ ደርቆ የጥምቀት በዓል ሕዝቡን ወደ ቀሐ ወንዝ በሚስብበት ወቅት ነው። በነሐሴ የሚመጣ ተጓዥ ግን ከተማዋን የወለዳትን ክረምት ያገኛል። ከዐፄ ፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት ከሠራዊታቸውና ከካህናቶቻቸው ጋር በድንኳን ከተማ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወሩ የነበረ ሲሆን፣ ወንዞች ሞልተው መሻገሪያ ሲጠፋ ዝናቡ እስኪያባራ በአንድ ስፍራ ይቆዩ ነበር፤ ይህም የክረምት ማረፊያ መክረሚያ ይባላል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አቅራቢያ ጉዛራ ላይ፣ ዐፄ ሱስንዮስም በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ሲሆን፣ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. አካባቢ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል የመረጡት ስፍራ ከመክረሚያነት አልፎ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የመንግሥት መናገሻ ሆኖ ቆየ።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ የነሐሴ ማለዳ በጉም ይጀምራል፤ ካፊያው ወደ ዶፍ ሳይለወጥ በፊትም ተጓዡ ወደ ፋሲል ግቢ፣ ማለትም ርዝመቱ 900 ሜትር በሆነ የድንጋይ አጥር ወደተከበበው የነገሥታት መንደር፣ ይገባል። የዐፄ ፋሲል ግንብ በአራት ማዕዘኑ ክብ ማማዎች ያሉት ሲሆን፣ ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ ከላዩ ላይ ሆኖ ጣና ሐይቅን ማየት እንደሚቻል ይነገራል። ዝናብ ግን ሩቁን ሸፍኖ ቅርቡን ይገልጣል፤ በበጋ አቧራ ለብሶ የደበዘዘው የግድግዳው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲርስ ይጠቁራል፣ የመስኮቶቹን ቅስት የሚያጅበው ቀይ ድንጋይም ከዚያ ጥቁረት መካከል ደምቆ ይወጣል።

ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ ነው። ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ፣ በውሃ በርዶና ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ለግንብ ሥራ በስፋት መዋል የጀመረው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ እንዲያስወጣ የሚያስችለው ይህ ኖራ፣ ለዘመናት በሚወርድ ዝናብ ቀስ በቀስ ይታጠባል፤ በተከፈተው ስንጥቅም ዘር ይበቅላል፣ ሥሩም እየወፈረ ድንጋዩን ከድንጋዩ ይለያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና የዋለው ሲሚንቶ ውሃውን በውስጡ እያመቀ ጉዳቱን ስላባባሰ፣ ኋላ የመጡ ጠጋኞች ወደ ጥንቱ ኖራ መመለስን መረጡ።

የውሃው ኃይል ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጣሪያ በሌለው በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ግንብ ውስጥ ነው። በወርቅና በዝሆን ጥርስ አጊጦ እንደነበር የሚተረክለት ይህ አዳራሽ፣ በመጀመሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጣሊያኖችን ለማስወጣት በጣሉት ቦምብ ስለተጎዳ፣ ዛሬ ዝናቡ በቀጥታ ወደ ወለሉ ይወርድበታል።

እኩለ ቀን ላይ ዶፉ ሲበረታ ተጓዡ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ይጠለላል። በዚሁ በዐፄ ኢያሱ የተተከለችው ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ሕንፃዋ ክብ እንደነበረና መብረቅ እንዳጠፋው ይነገራል፤ በምትኩ የተሠራው ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ የተረፈ ሲሆን፣ ምእመናን መትረፉን የንብ መንጋ ወራሪዎቹን በማባረሩ ያስረዳሉ። ወሩ የፍልሰታ ጾም የሚጾምበት ስለሆነ ነጠላቸውን የተከናነቡ ጿሚዎች በደጁ ይታያሉ፤ በውስጥ ደግሞ የመላእክት ፊት በረድፍ ከተሣለበት ጣሪያ ጀምሮ እስከ ግድግዳዎቹ ድረስ ያለው ሥዕል ሁሉ ከላይ ባለው ክዳን ጥንካሬ ላይ የቆመ ነው። አንድ ጠብታ ብቻ የመልአክን ፊት ለዘለዓለም ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ክዳኑን በጊዜው የሚያድሱት እጆች ሥዕሉን ከሣሉት እጆች የማይተናነስ ክብር ይገባቸዋል።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል የጉዞው መጨረሻ የፋሲል መዋኛ ነው። ለጥምቀት ከቀሐ ወንዝ በቦይ በተሳበ ውሃ የሚሞላው ይህ ገንዳ፣ ወንዙ ራሱ ደፍርሶ በሚጎርፍበት በክረምት ለበዓሉ እንደሚሞላው አይሞላም፤ በአጥሩ ላይ የተጠማዘዙት የዛፍ ሥሮችም ድንጋዩን እንዴት እንዳቀፉትና እንደገፉት ያን ጊዜ በጉልህ ይታያል።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ነው ተብሎ ነው፤ ሀብቱን መጠበቅ ግን በበጋ ከሚደረግ ጉብኝት አይጀምርም። የሚያፈስ ጣሪያ፣ የተደፈነ የውሃ መውረጃና የሚሰፋ ስንጥቅ በፀሐይ ተሰውረው በዝናብ የሚታወቁ ስለሆኑ፣ ግንቦቹን የሚመረምር ባለሙያ በነሐሴ ሊገኝ፣ ያየውን መዝግቦም ኖራው በሚደርቅበት በበጋ ሊጠግን ይገባል። ጎብኚውም ዣንጥላውን ይዞ በክረምት ቢመጣ፣ ነገሥታቱን በዚህ ስፍራ ያቆማቸውን ዝናብ ከነሥራው ያያል፤ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋም እንግዳ በሚጠፋበት ወቅት ለከተማዋ ይደርሳል።