ሞት የቀረበት አገር፦ የኒው ኤደን ቅኝት

ኒው ኤደን ካርታው ሲዘረጋ ከ7,000 በላይ የፀሐይ ሥርዓቶች አሉት። የሚገኘው ኢቭ ኦንላይን በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ነው። ጌሙን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ለተጫዋቾች የከፈተው ሲሲፒ የተሰኘ የአይስላንድ ኩባንያ ነው። በርካታ የኦንላይን ጨዋታዎች ሰዉን በብዙ ሰርቨሮች ይበታትኑታል። እዚህ ግን ከቻይና ተጫዋቾች በቀር ሁሉም የሚገናኘው ለንደን ውስጥ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ ትናንት የፈረሰው ዛሬም እንደፈረሰ ይቆያል፤ የተዘረፈው አይመለስም፤ ቂምም ይወረሳል። ብዙ ጌሞች የወደፊቱን ሥልጣኔ በታሪክ ይተርኩልናል። ኒው ኤደን ግን ሰዎችን አስገብቶ ራሳቸው እንዲሠሩት ትቷቸዋል፤ ለዚህም ነው ከሌሎቹ ሁሉ እሱን የመረጥኩት።

የአገሩ ሕገ ተፈጥሮ አንድ ነው፦ አብራሪው አይሞትም። መርከቡ ቢፈነዳና እሱ የተቀመጠበት ካፕሱል ቢሰበር፣ ሩቅ ጣቢያ ላይ በተዘጋጀለት ሌላ አካል ይነቃል። መርከቡና የጫነው ዕቃ ግን ጠፍተዋል። የፈሰሰባቸው የሥራ ሰዓታትና ገንዘብ አብረው ሄደዋል።

ጉዞው የሚጀመረው ሰላማዊ ከሚባለው መሐል አገር ነው። በእያንዳንዱ የፀሐይ ሥርዓት ስም አጠገብ የጸጥታ ደረጃ ይታያል። 0.5 እና ከዚያ በላይ በሆነበት ሁሉ ኮንኮርድ የተባለው ፖሊስ ይደርሳል። እዚህ ቆም ብሎ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ፖሊሱ ይቀጣል እንጂ አይከላከልም። ንጹሑን ነጋዴ ያጠቃ ሰው መርከቡን ማጣቱ አይቀርም። የነጋዴው ጭነት ከአጥቂው መርከብ የበለጠ ዋጋ ካለው ግን ወንጀሉ ትርፍ ሊያስገኝ ይችላል። ወንበዴዎች በርካሽ መርከብ መጥተው ቅጣታቸውን እንደ ወጪ ሒሳብ ይይዙታል። ቅጣት የታወቀ ዋጋ ሲሆን፣ ለመክፈል አቅም ላለው ሰው ሕጉ ፈቃድ ይሆናል።

ከዚያ ጂታ የተባለችው የፀሐይ ሥርዓት። ጂታ የንግድ መናኸሪያ እንድትሆን ያወጀ የለም፤ ሻጭ ገዢን፣ ገዢም ሻጭን እየተከተለ ተሰበሰበባት። ጥይቱም፣ ማዕድኑም፣ የጦር መርከቡም አብዛኛው የተቆፈረውና የተመረተው በተጫዋቾች ነው። ዋጋውንም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ገበያው እጅግ ስለሰፋ ኩባንያው በ2007 እዮልፉር ጉድሙንድሶን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ዶክተር ቀጥሮ የዋጋ ግሽበቱን እንዲከታተሉ አደረገ።

ጂታ ላይ የማይገኝ ሸቀጥ እምነት ብቻ ነው። በአካባቢው የመልእክት መስኮት «ገንዘብህን ላክልኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» የሚል ጥሪ አይቋረጥም። ማጭበርበር በደንቡ አልተከለከለም። ተጫዋቾች ራሳቸው ኢባንክ የሚባል ባንክ አቁመው ነበር። በ2009 ከኃላፊዎቹ አንዱ 200 ቢሊዮን የሚሆን የጌሙን ገንዘብ ወስዶ በእውነተኛ ገንዘብ ሸጠው። ኩባንያው ያባረረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ስለ ሰረቀ አልነበረም፤ የጌሙን ገንዘብ ከጌሙ ውጭ ስለ ሸጠ ነው። የባንኩ ደንበኞች የሚከሱበት ፍርድ ቤት አልነበረም።

የጸጥታ ቁጥሩ 0.0 ወይም ከዚያ በታች ወደሆነው ዳርቻ ስንወጣ ፖሊስ የለም። ፈላስፎች የተከራከሩበት ባዶ ሜዳ ይህ ነው። ቶማስ ሆብስ በ1651 ባሳተመው «ሌቪያታን» ሰዎችን ወደ መንግሥት ጥላ ከሚነዷቸው ነገሮች ዋነኛው በሰው እጅ የመሞት ፍርሃት እንደሆነ ጽፏል። እንደዚያ ቢሆን ዳርቻው ያለ መንግሥት በቀረ ነበር፤ እዚያ የሚሞት የለምና። ነገር ግን ሺዎችን ያቀፉ ኅብረቶች ተነሥተዋል። ድንበር ያካልላሉ፣ ግብር ይሰበስባሉ፣ ዲፕሎማትና ሰላይ ያሰማራሉ። ያሰባሰባቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ ግምጃ ቤታቸውን ማየት ነው። ብዙዎቹ በዘመቻ ላይ መርከቡ ለጠፋበት አባል ምትክ ይከፍላሉ። አዲስ ገቢው ለአዛዡ የሚታዘዘው ኪሳራውን ብቻውን እንደማይሸከም ስለሚያምን ነው። ጆን ሎክ መንግሥትን ከንብረትና ከድካም ጋር ማያያዙ እዚህ ይበልጥ ይሠራል። ሞት ቢሸነፍም ዕድሜ በሥራ ማለቁ አይቀርምና ሰው የደከመበትን የሚጠብቅለት ይፈልጋል።

የእነዚህ መንግሥታት ድክመትም ከዚሁ እምነት ይመነጫል። ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የተባለው ኅብረት በዘመኑ ከሁሉ የገነነ ነበር። በየካቲት 2009 ከአመራሮቹ አንዱ ወደ ጠላት ከድቶ በተሰጠው ሥልጣን ኅብረቱን አፈረሰው። የዓመታት ጦርነት ያልበተነውን አንድ ሰው በአንድ ትእዛዝ በተነው።

ከሁሉ ይልቅ እንድትጎበኙት የምመክረው ቢአር ፋይቭ አርቢ የተባለው ሥርዓት ነው። በጥር 2014 መጨረሻ አንድ ባለይዞታ ለግዛቱ የሚከፍለው ሒሳብ በጊዜው ሳይከፈል ቀረና ይዞታው ክፍት ሆነ፤ ባላንጣዎቹም ወዲያው ገቡበት። ውጊያው 21 ሰዓት ያህል ፈጀ፣ ከ7,500 በላይ ሰዎች ተካፈሉበት። ሰርቨሩ ጫናውን ለመቋቋም የጌሙን ጊዜ ወደ አሥር በመቶ አዘገየው። ለመሥራት ወራት የሚፈጁ 75 ታይታን መርከቦች ወደሙ። የጠፋው ሲገመት ከ300,000 ዶላር በላይ ነበር። ፍርስራሹ ዛሬ መታሰቢያ ሆኖ ይታያል። ያ ሁሉ ጥፋት የተነሣው ከሒሳብ መዝገብ መሆኑን ሳስብ፣ ስለ ወደፊት ጦርነት በልብ ወለድ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ይህን አምነዋለሁ።

 

የመጨረሻው ማረፊያችን እንደገና ጂታ ነው። በ2011 ክረምት ኩባንያው 60 ዶላር ገደማ የሚያወጣ የአንድ ዓይን መነጽር ለገጸ ባሕርያቱ ጌጥ አድርጎ ለሽያጭ አቀረበ። በዚያው ሰሞን ከተጫዋቾች ተጨማሪ ገንዘብ ስለ ማግኘት የሚያወራ የኩባንያው የውስጥ ጽሑፍ አፈትልኮ ወጣ። ተጫዋቾች ጂታ ላይ ተሰባስበው እዚያ የቆመውን ሐውልት በመተኮስ ተቃወሙ። ሲሲፒ የተጫዋቾቹን ተመራጮች ወደ ሬይክያቪክ ጠርቶ አነጋገረ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም በመጨረሻ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ተመራጮቹ ከ2008 ጀምሮ በድምፅ የሚመረጡት የከዋክብት አስተዳደር ምክር ቤት አባላት ናቸው። ዲጂታል ዓለም ለነዋሪዎቹ ምርጫ ማዘጋጀቱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ያማክራል እንጂ አይወስንም። ነዋሪዎቹ ገበያውን፣ ጦሩንና ግብሩን በራሳቸው እጅ ሠርተዋል። ሕጉን የሚለውጠውና ሰርቨሩን የሚዘጋው ግን ባለቤቱ ነው፤ ይህ እስካልተለወጠ ድረስ ኒው ኤደን ዜጎች ሳይሆን ደንበኞች ያሉት አገር ነው።