በቁም ማረፍ

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። አውሮፕላን ያርፋል። ሩቅ መንገድ የመጣ እንግዳ ከዘመድ ቤት ያርፋል። የሚያውክ ሕፃን «ዐርፈህ ተቀመጥ!» ይባላል። የተከበረ ሰው ከዚህ ዓለም ሲለይ ደግሞ «ሞቱ» ማለት ለአፍ ስለሚከብድ «ዐረፉ» ይባላል። ጤነኛ የሆነ፣ ሥራ ያለው፣ ልጅ ያሳደገ ጎልማሳ በቁሙ ሲያርፍ ቃሉ የሚነገርበት ጊዜ ግን እምብዛም ነው። ቢያንስ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚኖሩ የአንድ ባልና ሚስት ቤት ለ22 ዓመታት አልተሰማም ነበር።

ባልየው ታክሲ ይነዳል፤ ሚስትየው በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። እርሷ ጠዋት ከተራዋ ስትመለስ እርሱ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሲያስር ታገኘዋለች። «ቡናው ምድጃው ላይ ነው»፣ «የልጅቷን ክፍያ እንዳትረሳ»፣ «እናትህ ደውለው ነበር» ተባብለው ይለያያሉ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ስለሚተኛበት አልጋቸው ሲቀዘቅዝ አይታይም፤ ሁለቱ አብረው የሚያድሩበት ሌሊት ግን በወር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ኑሮ እንደ በደል አይቆጥሩትም። በዚህ ኑሮ ልጅ አስተምረዋል፣ ወንድም ድረዋል፣ ጉለሌ ያለውን የእናትን ቤት ጣሪያ አድሰዋል።

የዓመት ፈቃድም አላጡም። አምስት ጊዜ አገር ቤት ሄደዋል፤ ሁለቱን ለለቅሶ፣ ሁለቱን ለሠርግ፣ አንዱን ለእናት የዐይን ሕክምና። ጫማና መድኃኒት የታጨቀባቸውን አራት ሻንጣዎች ይዘው ይሄዳሉ፤ በርበሬና ሽሮ ሞልተውባቸው፣ ከሄዱበት ይልቅ ደክመው ይመለሳሉ። የ19 ዓመት ልጃቸው አንድ ቀን አልበሙን እያገላበጠች ሳለ፣ «ድንኳን የሌለበት ፎቶግራፍ የላችሁም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። በኋላ ግን ፈለጉ፤ አላገኙም።

ዛንዚባርን የመረጠችው ልጅቱ ናት። የአውሮፕላን ትኬቱ በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ ዋጋው የማይቀመስ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጭንቀቱ የተጀመረው እዚያው ላይ ነው። በቦሌ አራት ሰዓት ቆይተው ወደ ደሴቲቱ ሊያልፉ ነው። እናት ደግሞ ጉለሌ ናቸው። ቢነግሯቸው «ከደጄ ደርሳችሁ ልታልፉኝ ነው?» ይላሉ። ጎራ ቢሉ ደግሞ ዘመድ ይሰማል፣ ሻንጣ ያስፈልጋል፣ ዕረፍት የተባለው ነገር የተለመደው የአገር ቤት ጉዞ ይሆናል። ስለዚህ ላለመናገር ተስማሙ፤ በትዳር ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ዋሹ።

ባለፈው ሐምሌ በቦሌ የመንገደኞች ማቆያ ተቀምጠው ከመስኮቱ ባሻገር ሲመለከቱ እንጦጦን ደመና ሸፍኖት ነበር። ሚስትየው የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ሻርፗን እስከ ግንባሯ ሳበች። ባልየው ጋዜጣ ዘርግቶ አንዱን ገጽ አራት ሰዓት ሙሉ አነበበው። ሌባ እንኳ እንደዚያ አይጨነቅም።

በዛንዚባር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ያሳለፉት ስቶን ታውን በተባለው ጥንታዊ ከተማ ነው። ይህ በኮራል ድንጋይ የተሠራ፣ የተቀረጹ በሮቹ በነሐስ ጉልላት ያጌጡ ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁለቱ ጎብኚዎች ግን ከተማውን የጎበኙት እንደ ሥራ ተራ ነበር፤ ሊጠናቀቁ የሚገባቸውን ስፍራዎች በወረቀት ጽፈው፣ ያዩትን በእስክሪብቶ እየሰረዙ።

ወረቀቱ ከእጃቸው የወደቀው አሮጌው የባሪያ ገበያ ከነበረበት ስፍራ ሲደርሱ ነው። ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ፤ መሠዊያው ያረፈው ባሪያዎች ይገረፉበት በነበረው ግንድ ስፍራ ላይ ነው ይባላል። በግቢው ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የድንጋይ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል። አስጎብኚው ወጣት ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው። «ከኢትዮጵያ» ሲሉት፣ በሱልጣኑ ቤተ መንግሥት የሐበሻ ሴቶችም እንደ ነበሩ፣ የሱልጣኑ ልጅ ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስለ እነርሱ እንደ ጻፈች ነገራቸው። ሚስትየው ከዚያ ስፍራ ለመሄድ ዘገየች። ከደጋው ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው እስከዚህ የመጡ ሴቶች ነበሩ ማለት ነው፤ የመጡት ግን ለዕረፍት አልነበረም። «እኛ ትኬት ቆርጠን መጥተን ማረፍ ያቃተን ምን ነክቶን ነው?» አለችው፤ መልስ አልሰጣትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ የቅመማ ቅመም እርሻ ወሰዷቸው። ቀረፋ የዛፍ ልጥ መሆኑን፣ ገውዝ በቀይ መረብ ተጠቅልሎ እንደሚበቅል፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሻይ ውስጥ ስትጨምረው የኖረችው ቅርንፉድ ደግሞ ሳይፈነዳ ተለቅሞ በፀሐይ የደረቀ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ያወቀችው እዚያ ነው። አንድ እምቡጥ በጣቷ አሽታ አሸተተችው። የአማቷ የሻይ ጀበና ሽታ ነበር። እጇን ወዲያው ሸሸገችው፤ ሽታው ግን እስከ ማታ አልለቀቃትም።

በሦስተኛው ቀን በደሴቲቱ ምሥራቅ ወዳለው የጃምቢያኒ ጠረፍ ተዛወሩ። አሸዋው እንደ ፍኖ ዱቄት የነጣ፣ ውኃው አረንጓዴና ሰማያዊ እየተፈራረቀበት የሚጋደም፣ ኮኮናቱ ከነፋሱ ጋር የሚያወጋ ስፍራ ነው። ከእንግዲህ የሚሰረዝ ነገር አልነበረም። ችግሩም ይኸው ሆነ። ባልየው ሌሊት በዐሥር ሰዓት ነቅቶ ቁልፉን ፈለገ፤ የሚነዳው መኪና እንደሌለ እስኪያስታውስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስትየው የክፍል አጽጂዋ ከመምጣቷ በፊት አልጋውን አነጠፈች፣ መታጠቢያ ቤቱን ወለወለች። ምሳ ሲቀርብ ባልየው ሒሳቡን ወደ ብር፣ ብሩን ወደ ቆርቆሮ መነዘረው። «ይህ ዓሣ ስድስት ቆርቆሮ ነው» አለ። ሚስትየው አልሳቀችም።

ማታ ከባሕሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ብዙ ዝም አሉ። ክፍያውን፣ ልጅቷን፣ የመኪናውን ጥገና ተነጋግረው ከጨረሱ በኋላ የቀረ ወሬ አጡ። በመጨረሻም እርሷ፣ «እኔ የማውቀው የደከመውን አንተን ነው» አለችው። «ያልደከመው ሰው ምን ዐይነት እንደሆነ አላውቅም።» ባልየው የመለሰው ዘግይቶ ነው። «እኔም አላውቀውም» አለ። የፈሩት የገንዘቡን ነገር ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባቸው። ድካም ለሁለቱም መደበቂያ ሆኗቸው ኖሯል። ከድካሙ ኋላ ማን እንዳለ ለማየት ደግሞ ድፍረት ያስፈልጋል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጠረፉ ሲወርዱ ባሕሩ የለም። ማታ እግራቸው ሥር ሲያጉረመርም የነበረው ውኃ እስከ ሩቁ የኮራል ዐለት ድረስ ሸሽቶ፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። ጀልባ ሊያሳፍራቸው የተቀጠረው ወጣት ሳይጨነቅ፣ «ሳአ ታቱ» አላቸው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ውኃው መመለስ ይጀምራል ማለቱ ነው። የባልየው የእጅ ሰዓት ገና ሰባትን ያሳያል። ወጣቱ ሲያስረዳው ነገሩ ተገለጠለት፤ በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። የፈረንጁ ዘጠኝ ለእነርሱም ሦስት ሰዓት ነው። «የእኛ ሰዓት!» ብሎ ጮኸ። ለ22 ዓመታት ወደ አገር ቤት በደወለ ቁጥር ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ የኖረ ሰው፣ ሰዓቱን ዛሬ ሳይመነዝር ሰማው። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ወደ ኪሱ ሲከት ሚስቱ አየችው።

ነገር ግን ባሕሩ ለእነርሱም ሰዓት እንደማይገዛ ከወጣቱ ተማሩ። ማዕበሉ ጨረቃን ስለሚከተል በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ዛሬ በሦስት ሰዓት የተመለሰ ውኃ ነገ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የጠረፉ ሰው ሥራውን የሚቆርጠው በዚህ ነው። ውኃው በሸሸበት ሜዳ ላይ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይሠሩ ነበር። እንጨት ተክለው፣ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ወጥረው፣ ሙዋኒ የሚሉትን የባሕር አረም ቁርጥራጭ በገመዱ ላይ ያስራሉ። ሲያድግ ለቅመው፣ በፀሐይ አድርቀው ይሸጡታል፤ ወደ ውጭ ተልኮ ምግብና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር ያገለግላል። ሥራው በዚህ ደሴት የተስፋፋው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ነው፤ የባሕሩ ሙቀት መጨመር ግን ሰብሉን እየጎዳባቸው ነው።

ሚስትየው ቁጭ ብላ ማየት አልቻለችም። እነዚያ ሴቶች ጎንበስ ባሉበት እርሷ ጃንጥላ ሥር መጋደሟ አሳፈራት። ጫማዋን አውልቃ ሄደችና ለአንዲት አሮጊት እጇን ለሥራ ዘረጋች። አሮጊቷ ቀና ብለው አይተዋት ሳቁ፤ የተናገሩትን ወጣቱ ተረጎመው። «አንቺ ፑምዚካ። እኔም ባሕሩ ሲመጣ ፑምዚካ እላለሁ።» ፑምዚካ ማለት ዕረፊ ማለት ነው። ቃሉ «ፑምዚ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ፑምዚ ትንፋሽ ነው። እነርሱም ቃሉን ለሙታን ይሉታል፤ ሥሩ ግን ከሕያው ሰው ደረት ነው የሚነሣው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውኃው እየተሳበ መጣ፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ወጣ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ተሸክመው፣ ያልታሰረውን ገመድ እንዳለ ትተው ወጡ። ሥራው አላለቀም ነበር። ይሁን እንጂ «ይህችን ልጨርስ» ብሎ የቀረ አልነበረም። ኮኮናት ሥር ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። ሚስትየው ይህን አይታ ስትመለስ ጃንጥላው ሥር ተጋደመች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛች። ባልየው አልቀሰቀሳትም። ፊቷን ሲያይ ዋለ።

በዚያው ምሽት ስልኩን ያነሣችው እርሷ ናት። ወደ ጉለሌ ደወለች።

ሰላምታው እንደ ልማዱ ረዘመ። ከዚያም እናት፣ «ይህ የምሰማው ምንድን ነው? እናንተም ዘንድ ክረምት ነው እንዴ?» አሉ።

«ባሕር ነው፣ እማማ።»

«የምን ባሕር?»

ባልየው ስልኩን ተቀበላትና ሁሉንም ተናገረ፤ ልጅቷን፣ ትኬቱን፣ ቦሌን፣ ጋዜጣውን። በወዲያኛው ጫፍ ረጅም ዝምታ ሆነ።

«በቦሌ አለፋችሁ?»

«አዎ፣ እማዬ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አባትህ» አሉ እናት፣ «ዕድሜያቸውን ሙሉ ‹ጡረታ ስወጣ ዐርፋለሁ› ሲሉ ኖሩ። ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ወር ዐረፉ። እንዲህ አድርጎ ማረፍ ምን ያደርጋል? እኔ በቁሙ ተዝካሩን ያወጣ ሰው ዐውቃለሁ። በቁሙ ያረፈ ሰው ግን ከዘራችን አላየሁም። በሉ ጨርሱና ኑ። ጀምራችሁ እንዳትተዉት።» ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ሻንጣ ይዛችሁ ብትመጡ አላስገባችሁም» አሉ።

የቀሩት አራት ቀናት ስለ ምንም አልነበሩም። በማዕበሉ ሰዓት ተነሡ፣ በማዕበሉ ሰዓት ተቀመጡ። ባልየው ድሮ ዋሽንት ይሞክር እንደ ነበር ነገራት፤ በ22 ዓመት አልሰማችም ነበር። እርሷም ሌሊት በሆስፒታሉ ኮሪደር ብቻዋን ስትሄድ በዝግታ እንደምትዘምር ነገረችው። ፎቶግራፍ ያነሡት አንድ ብቻ ነው፤ ድንኳን የለበትም።

ሲመለሱ ትኬታቸውን አራዝመው ጉለሌ ሁለት ሌሊት ዐደሩ። ይዘው የሄዱት አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ብቻ ነበር። እናት ከዚያው ከረጢት ጥቂት ዘግነው ሻይ አፈሉ፤ ልጃቸው በጠራራ ቀን መደቡ ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፣ ምራታቸው እግሯን ዘርግታ ስታንጎላጅ እያዩ ለብቻቸው፣ «እሰይ፣ ልጆቼ ዐረፉ» አሉ።

በዚህ ጊዜ ጎረቤት በሩን ገፍተው እየገቡ ነበር። የሰሙት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ጫፉን እየፈለጉ፣ «ማን? ማን ዐረፈ?» ሲሉ ጮኹ።

«ዝም በይ፣ ትቀሰቅሻቸዋለሽ» አሉ እናት። «በቁማቸው ነው።»