ለአለቃ የተጻፈ ደብዳቤ

ተቀጣሪ ሳለሁ ለአለቃ ደብዳቤ መጻፍ ጭንቄ ነበር። የዓመት ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ ጽፌ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። ስለዚህ የኤሚ ስቲፈንስ ድፍረት ይገርመኛል።

ኤሚ በአሜሪካ፣ ሚሺጋን ግዛት፣ በአንድ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ውስጥ ለስድስት ዓመት ያህል አስከሬን ሲያዘጋጁ፣ ሐዘንተኛ ሲያስተናግዱ የኖሩት በወንድ ስምና በወንድ ልብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ለአለቃቸው እውነቱን ጻፉ፤ ወንድ ተብለው ቢያድጉም ሴት መሆናቸውን፣ ከዕረፍት ሲመለሱም እንደ ሴት ለብሰው ሥራቸውን እንደሚቀጥሉ ገለጹ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የመጣው መልስ ስንብት ሆነ።

ክርክሩ ከአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጁን 15 ቀን 2020 ዳኞቹ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ ሠራተኛን በዚህ ምክንያት ማባረር በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተከለከለ ነው አሉ። ኤሚ ግን ይህን አልሰሙም፤ በ59 ዓመታቸው ካረፉ 34 ቀን ሆኗቸው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ልብ አልኩ። “መጣ” ወይም “መጣች” ለማለት አማርኛችን ወንድ ነው ሴት ብሎ ይጠይቃል። “እርስዎ” እና “እሳቸው” ስንል ግን አይጠይቅም፤ አክብሮት ብቻ ይበቃዋል። እኔም ኤሚን ከላይ እስከ ታች የጠራሁት በዚሁ ነው። አለቃቸው የተጠየቁትም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ሥራው ያው ሥራ፣ እጁም ያው የሠለጠነ እጅ ነበር። ሐዘንተኛውም ቢሆን ከቀሚሱ ይልቅ የሚያየው ሟቹ በክብር መሸኘቱን ይመስለኛል።